ስሙ ከሌለ መጥቷል

መስከረም 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ትሕትና ናት። «እኔ ሚስትህ እንጂ ሸንጎህ አይደለሁም፤ ብሶትህን ለወረቀት ንገረው» አለችኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ብሶቴን ስትሰማ ኖራለችና አልፈርድባትም።

እንግዲህ ብሶቴ ይኸው ነው። እዚህ ማርቆስ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን በሚከታተል ቢሮ ውስጥ የመረጃ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ማለት አንድ ፕሮግራም ነው። በ1996 ዓ.ም. ራሴ ጻፍሁት። ዘወትር ሰኞ ጠዋት፣ መድኃኒት ሊወስዱ ተቀጥረው የቀሩትን ሰዎች ስም ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ለየጤና ጣቢያው ይላካል፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ሰው ልኮ ከየቤታቸው ያስጠራቸዋል። የነቀርሳ መድኃኒት የሚወሰደው ስድስት ወር ነው። በሁለተኛው ወር ሳል ጋብ ይላል፣ ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፣ ያቋርጣል። የሚሞተው ያኔ ነው። የእኔ ዝርዝር ያንን ሰው ከደጁ ድረስ ሄዶ የሚጠራ ነው። በአሥራ አምስት ዓመት አንድ ሰኞ አላጓደለም።

በታኅሣሥ በሌላ ይተካል ተብሏል። አለቃችን አቶ አበባው በስብሰባ መሐል «አስማማው ብቻ የሚያውቀው ቋንቋ» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ፕሮግራሙን የጻፍሁበት የኮምፒውተር ቋንቋ ፐርል ይባላል። ዓለም ያውቀዋል፤ የማያውቀው ማርቆስ ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መስከረም 5፣ ሰኞ

ዝርዝሩ ወጣ። ሃያ አንድ ስም ብቻ። ከወትሮው ያንሳል። ሕዝቡ አዋቂ እየሆነ ነው።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ሕሊና ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ወደ አዲሱ ፕሮግራም የማሸጋገሩ ሥራ ለእርሷ ተሰጥቷል። «ጋሽ አስማማው፣ እባክዎ የእርስዎን ፕሮግራም ያስረዱኝ» አለች። ከፈትሁላት። ብዙ ጊዜ አየችው።

«ይኼ አንድ መስመር ምን ይሠራል?»

«ሌላው በሠላሳ መስመር የሚሠራውን።»

«ከእርስዎ ሌላ ማን ያነበዋል ታዲያ?»

«ለምን ይነበባል? ይሠራል።»

እውነቱን ልጻፍ፤ ስላልገባት ደስ አለኝ። ከዘመናዊ ትምህርት በፊት ደብረ ኤልያስ አራት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ። መምህራችን የኔታ ገብረ ሚካኤል፣ በሁለት ቃል የሚባለውን በአራት ያለ ተማሪ ሲገጥማቸው «አበዛኸው፤ ሂድ፣ አሳጥረህ ና» ይሉ ነበር። ፐርልን የወደድሁት ለዚህ ነው። ሲያጥር ያምርበታል። ሰው ቆም ብሎ ካላሰበ አይገባውም፤ አለመግባቱንም እንደ ሙያ ቆጠርሁት።

ደግሞ ጠየቀችኝ። «በነሐሴ ማሽኑን ሳድሰው ፕሮግራሙ አላስቸገረም?» የድሮው ማሽን፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ስለተቃጠለ አዲስ ተገዝቶ ነበር፤ ሁሉንም የጫነችው እርሷ ናት። «ምንም አይነካውም፤ ጫኚ» ብያት ነበር፤ ዛሬም ያንኑ ደገምሁላት። ስለ ፐርል የሚወራ ወሬ አያመልጠኝም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ፐርል አጠገቡ ያለውን ፋይል ሳይታዘዝ ማንሣቱ ለደኅንነት ሲባል ሲከለከልስ፣ በፐርል ሰዎች ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ደግፌ የጻፍሁ እኔ አይደለሁም? «ሰነፍ ይማርበት» ብዬ! ይህንንም ነገርኋት። በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ሲስተር ሥራነሽ ከደብረ ኤልያስ ደወለች። የጤና ጣቢያው የነቀርሳ ክፍል ኃላፊ ናት፤ አሥር ዓመት በስልክ ተዋውቀናል።

«አስማማው፣ የእኔ ገጽ ባዶ ነው እኮ። አንድም የቀረ የለም?»

«ተመስገን በያ! ስም ስልክልሽ ታማርሪያለሽ፣ ባልክልሽ ታማርሪያለሽ።»

ሳቀች። ዘጋሁት።

መስከረም 18፣ እሑድ

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። መወያያው ላይ የሚወራው ስለ ፐርል ስድስት፣ ስለ ቋንቋው ስድስተኛ እትም ነው።

ፐርል ስድስት ይሠራል ተብሎ የታወጀው በሐምሌ 1992 ነው። እኔ ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። አምስተኛው አርጅቷል፣ ስድስተኛው እንደ አዲስ ይጻፋል፣ ተባለ። ጠበቅን። ዓመት አለፈ፤ ጠበቅን። የሌላ ቋንቋ ሰዎች ቀለዱብን፤ ጠበቅን። ከአራት ዓመት በፊት ሲወጣ ደግሞ ከአምስተኛው ጋር የማይግባባ ሆኖ ተገኘ፤ «እኅት ቋንቋ ናት» አሉን። አሁን ነሐሴ ላይ አንዱ ተነሥቶ «እኅት ከሆነች የራሷ ስም ይኑራት» አለ። ክርክሩ እንደ እሳት ተያይዟል። በየቀኑ በየሰዓቱ እከፍተዋለሁ። ቢሮ፣ ቤት፣ ስልኬ ላይ። በሰኔ እንደሆነው ኔት ተዘግቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ለምን እንደዚህ እንዳመመኝ ትሕትና አልገባትም። የዝርዝሩን ፕሮግራም በስድስተኛው እንደገና ልጽፈው ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ለዚህ ነው አሮጌውን ሳልነካካው የቀረሁት። እዚህ ጋ ይስተካከል፣ እዚያ ጋ ይጠገን የምለው ሁሉ «ስድስተኛው ሲመጣ» እየተባለ ኖረ። ይህንን ስነግራት ሽሮ እያማሰለች «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለችኝ።

ምን ጣልሁ? ፕሮግራሙ ይሠራል።

መስከረም 26፣ ሰኞ

ቸኩያለሁ። ሃያ አራት ስም። ሥራነሽ እንደገና ደወለች። ፈንታ የሚባል ገበሬ አለ አለችኝ፣ ለጳጉሜን አራት ተቀጥሮ ነበር። «እኔ ያን ጊዜ እረፍት ላይ ነበርሁ፤ መዝገቡን የያዘችው ልጅም ተዛውራለች። ሰውየውን ከዚያ ወዲህ ያየሁት አይመስለኝም። ዝርዝሩ ላይ ግን የለም። ሰው ልላክበት እንዴ?»

ክርክሩን እያነበብሁ ነበር። «ስሙ ከሌለ መጥቷል» አልኋት።

«እንግዲህ አንተ ካልህ» አለች።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

የስሙ ለውጥ ዓርብ ዕለት ጸደቀ። የቋንቋው አባት ራሱ፣ ስለ አሮጌ ልብስና ስለ አዲስ እራፊ የተነገረውን የወንጌል ምሳሌ ጠቅሶ ፈቀደ። ፐርል ስድስት ከእንግዲህ ፐርል አይደለም። ስሙ ራኩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ሰው ነኝና ምሳሌውን ለመረዳት ተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ አሮጌው ልብስ ማን እንደሆነ ገባኝ።

አንዳንዱ እፎይ ብሏል። አንዳንዱ «ሁለቱም ነፃ ወጡ» ይላል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች፤ ትበል። እኔ ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት የእኔ አልነበረም። አርባ አምስት ዓመቴ ነው። የማውቀው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር፤ በዚህም ከተማ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያዝንለት የለም። ሐዘንተኛ ሆኜ ልቅሶ የሚደርሰኝ ሰው አጣሁ። አልቅሻለሁ፤ ለማንም አልናገርም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ሕሊና የየጤና ጣቢያውን የወረቀት መዝገብ አስመጥታ ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከረች ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ። «ለአዲሱ ነው» ትላለች። መዝገቡን ገልጣ ወደ እኔ ስታይ ደስ አይለኝም።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ሕሊና መጣች። ቆማ ነው የተናገረችው።

«ጋሽ አስማማው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዝርዝሩ ላይ የጳጉሜን ቀጠሮ የለም።»

«በጳጉሜን የቀረ የለማ!»

«ከአሥራ ሁለቱም ጤና ጣቢያ?»

ተቆጣሁ። እርሷ ሳትወለድ እንጀራ የበላሁበት ሙያ ነው አልኋት። ይህም ውሸት ነው፤ እርሷ ስትወለድ እኔ ገና ተማሪ ነበርሁ። አንገቷን ደፍታ ሄደች። ሁሉም ሰምቶኛል። አቶ አበባው እንኳ በሩን ገርበብ አድርጎ አየ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ዝርዝሩ ወጣ። ፕሮግራሙን ከፍቼ አላየሁትም። ሥራ በዛብኝ።

አልበዛብኝም።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ምሳ አልወጣሁም። ሰው ሲወጣ ከፈትሁት።

ስለ ቀን አቆጣጠራችን፣ ስለ አሥራ ሦስተኛው ወር፣ ፕሮግራሙ የሚያውቀው ለብቻው ከጻፍሁት ከአንዲት ትንሽ ፋይል ነው። ፋይሏ አጠገቡ ተቀምጣለች። የድሮው ፐርል አጠገቡ ስላለች ራሱ ያነሣት ነበር። የነሐሴው ማሽን ላይ ያለው አዲሱ ፐርል ግን አያነሣትም። ያ የደገፍሁት ነገር፣ «ሰነፍ ይማርበት» ያልሁት። ያን ሰሞን የራሴንም ላስተካክል አስቤ ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከበዓል በኋላ አልሁ፤ ከዚያ ስድስተኛው ሲመጣ አልሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ፋይል ሲጠፋበት ፕሮግራሙ ቆሞ ስህተት አለ ብሎ ይጮሃል፤ ሕሊና በነሐሴ በጫነችው ዕለት ትሰማው ነበር። እንዳይጮህ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በ1996 ለእንግዶች ሳሳይ ሰው ፊት ተሰናክሎ አሳፍሮኝ ነበርና፣ ዕለቱን አንድ መስመር ጨመርሁ፤ ፋይሏ ብትጠፋ ዝም ብሎ በአሥራ ሁለት ወር እየቆጠረ እንዲቀጥል። ከጎኑ በአማርኛ ማስታወሻ ጽፌበታለሁ። «ሰው ፊት አትጩህ» ይላል።

አልጮኸም። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ የተሳሳተ ቀን ነው ብሎ እየዘለለ ሄደ።

በጳጉሜን የተቀጠሩት አርባ ሦስት ናቸው። ሠላሳ ሁለቱ ራሳቸው መጥተዋል። አሥራ አንዱ አልመጡም። አሥራ አንዱንም ለሰባት ሳምንት የጠራቸው የለም። አራተኛው ላይ ፈንታ ይላል፣ ደብረ ኤልያስ፣ ጳጉሜን 4።



ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

አስተካከልሁት። አንድ መስመር። የአሥራ አንዱን ስም ለብቻ ላክሁ። ለሥራነሽ ደወልሁ፤ «ዛሬውኑ ሰው ላኪ» አልኋት።

«አልመጣም እንዴ? መጥቷል አላልኸኝም?»

«አዲሱ ማሽን አምታቶት ነው» አልሁ።

ከአፌ የወጣው ይህ ነው። ማሽን አልሁ፤ ማሽኑን የጫነው ማን እንደሆነ ቢሮው ሁሉ ያውቃል።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ወሬው አቶ አበባው ዘንድ ደርሷል። ሕሊናን ሰው ሁሉ ባለበት «ማሽን ሲታደስ መፈተሽ አይቀድምም ወይ? ይኼ የሰው ነፍስ ነው!» አላት። «ጋሽ አስማማውን ጠይቄ ነው የጫንሁት» አለች ቀስ ብላ። ወደ እኔ አላየችም። አቶ አበባው አየኝ።

ዝም አልሁ።

ማንም ሳያዘኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ። ፕሮግራሜ ማንን እንደሚመስል አየሁት።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ዘጠኙ ተገኝተው መድኃኒት ጀምረዋል። አንዱ ለቀን ሥራ መተከል ወርዷል፤ ስልክም የለው። ፈንታ ተኝቶ ነው የተገኘው። ደም ያስለዋል። በቃሬዛ አውጥተው፣ ከመንገድ በመኪና ወደ ሆስፒታል ወስደውታል።

ጸሎት ላደርስ ብዬ ቆሜ ቃሉ ጠፋብኝ። በልጅነቴ የያዝሁት ዳዊት።

የራኩ ሰዎች ፋይሎቻቸውን በአዲሱ ስም እየለወጡ ነው። አየሁና ዘጋሁት። ለዚህ ነበር እንግዲህ ሥራነሽን ቶሎ ዘግቼ የሸኘኋት።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ በየደጁ አቃጠለ፤ በሽታ እንዲወጣ። መስኮት ዘግተን ዋልን። የሳንባ ሕመምተኛ በዚህ ጭስ ምን ይሆናል እያልሁ ዋልሁ። ደውዬ መጠየቅ ይቻላል። አልደወልሁም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ሥራነሽ ደወለች። ትናንት ጠዋት አርፏል። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም። «ሁለት ወር ቢቀረው ነበር እኮ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ «ስሙ ከሌለ መጥቷል ስትለኝ አመንሁህ፤ በዓይኔ ካላየሁት ይልቅ ዝርዝርህን አመንሁ» አለች። ልትወቅሰኝ አልነበረም። ራሷን እየወቀሰች ነው። ይህንንም እየሰማሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አላልኋትም። አሁንም አላልኋትም!

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ልቅሶ ደርሼ መጣሁ። ለትሕትና «የሥራ ጉዞ» አልኋት። ከደብረ ኤልያስ ወዲያ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው። ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል፤ የፈንታን ማሳ ዘመዶቹ እያጨዱለት ነበር።

ሚስቱ የብርጓል ትባላለች። ከቲቢ ቢሮ የመጣሁ ነኝ ስላት ተነሥታ ልታስቀምጠኝ ቦታ ጠረገች። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ማንም ሳይጠይቃት ነገረችኝ።

«ግንቦት ላይ አንዴ ቀርቶ ነበር ጌታው። እሳምንቱ ሰው መጣና ጠራው። "እነዚህ ሰዎች እንደ እናት ናቸው፣ አይተውኝም" ይል ነበር፤ ደስ ብሎት። ጳጉሜን ላይ ወንዙ ሞላና ሳይሄድ ቀረ። "ግድ የለም፣ ይጠሩኛል" አለኝ። ዘመን ተለወጠ፤ የሚጠራው የለም። መስቀል ሆነ፤ የለም። እኔ ሂድ ሂድ አልሁት። "የብርጓል፣ ዝም ካሉኝ ድኛለሁ ማለት ነው እኮ" አለኝ። ሙክት አረደ። ድኛለሁ ብሎ ጎረቤት ጠርቶ አበላ።»

ከዚያ «እርስዎ ነዎት እንዴ ስም እየጻፉ የሚልኩት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥዎ። ግንቦት ላይ እርስዎ ባይጠሩት ኖሮ ያኔውኑ ሞቶብኝ ነበር» አለችና እጄን ልትስም ጎንበስ አለች።

እጄን ነጠቅሁና ከቤት ወጣሁ። ሰው ሐዘን የጠናብኝ መሰለው። አንዱ ሽማግሌ ውኃ ሰጠኝ። ልነግራት ነበር የሄድሁት። ሳልነግራት ተመለስሁ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

አቶ አበባው ቢሮ ገባሁ። ሕሊናም ትጠራልኝ አልሁ። ሁሉንም ተናገርሁ፤ የ1996ቱን መስመር፣ የሁለት ዓመቱን ስንፍና፣ የሥራነሽን ሁለት ስልክ፣ «ማሽኑ ነው» ያልሁትን። ጽፌም ይዤ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት።

አቶ አበባው ወረቀቱን አንብቦ ወደ እኔ ገፋው። «አስማማው፣ በታኅሣሥ አዲሱ ይገባል። አንተም ስምህ አለ፣ ቢሮውም ስም አለው። ሰውየው ራሱ አቋርጦ ነው የጠፋው። ምን ያስጮህሃል?»

ወረቀቱን መልሼ ገፋሁለት።

ስንወጣ ሕሊናን ይቅርታ ጠየቅኋት። «መስመሩን አይቼው ነበር» አለችኝ። «ያን ዓርብ፣ ስለ ጳጉሜን ልነግርዎ ከመምጣቴ በፊት።»

«ለምን በዚያ ቀን አልተናገርሽም ታዲያ? አቶ አበባው ሲቆጣሽስ?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።»

ሃያ ስድስት ቀን ነው የጠበቀችኝ። መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ ነበር።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ጠዋት ዝርዝሩ ወጣ። ሃያ ስድስት ስም። አሁን ጳጉሜንን ያውቃል፤ ከሁሉም የቆየው ቀጠሮ የእርሱ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ አወጣው። «ፈንታ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ጳጉሜን 4፣ አልመጣም፣ ይጠራ።» የሞተ መሆኑን ማንም አልመዘገበም። ባለፈው ሰኞም ጠርቶታል፤ አላየሁትም፣ ወይም ማየት አልፈለግሁም።

ሕሊና ከጀርባዬ ቆማ «መሞቱን እኔ ላስገባው?» አለች። ማዘኗ ነው። «ተቀመጪና እይ፤ እያንዳንዱን መስመር አስረዳሻለሁ» አልኋት። እስከ ምሳ ሰዓት አስረዳኋት። የኔታ ቢሰሙኝ አበዛኸው ይሉኝ ነበር።

ከዚያ የፈንታን ገጽ ከፈትሁ። ክትትሉ የተዘጋበትን ምክንያት ምረጥ ይላል፤ ድኗል፣ ተዛውሯል፣ ጠፍቷል፣ ሞቷል። አቶ አበባው የሚፈልገው «ጠፍቷል» የሚለውን ነው። ሰውየው አልጠፋም። ቤቱ ቁጭ ብሎ እየጠበቀን ነበር። «ሞቷል» የሚለውን መረጥሁ። ለማስታወሻ በተተወው ቦታ «ከጳጉሜን 4 እስከ ጥቅምት 26 አልተጠራም፤ ስህተቱ የፕሮግራሙ ጸሐፊ የአስማማው ነው» ብዬ ጻፍሁና አስገባሁት።

ዝርዝሩን እንደገና አወጣሁ። ሃያ አምስት ስም። ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት።

የፈንታ ስም የለም።